ከበቅሎዬ ጌጥ የተመዘዘ ክር

ብቸና፣ መስከረም 2005 ዓ.ም.

ውድ ጥሩአየሁ፣

ደምለው «ውድ ባለቤቴ» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ሰርዘው አልሁት። «ታዲያ ምን ልበላት?» አለኝ። «ስሟን ጻፍ። ስሟን እንዳልጠራ የከለከለኝ የለም» አልሁት። ይኸው ስምሽ።

ደምለውን ታውቂዋለሽ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው፣ «አፉ ከእጁ ይቀድማል» ያልሽው ሰውዬ ነው። ዛሬም ከላይ «ጉዳዩ» ብሎ ሊጽፍ ቃጥቶት ነበር። ከሳሽም ተከሳሽም የለኝም፤ የምልህን ብቻ ጻፍ ብዬዋለሁ። ስልክ እንዳለሽ አውቃለሁ። ደውዬም ነበር። «እንደምን ዋሉ?» ስትይኝ ዘጋሁት። ኔትወርክ እንዳይመስልሽ፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ «አንተ ፋንታ» ስትይኝ ከርመሽ «ዋሉ» ስትይኝ መስማት አልቻልሁም።

ትርሲት፣ ለአክስትሽ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ካለቀሰች ቆም በይ፤ ስትጨርስ ቀጥይ። እንዳታዝን ብለሽ ደግሞ አትዝለይ።

ጥሩአየሁ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ከሞጣ የመጣሽ ዕለት ሚኒባሱ መናኸሪያ ሲያወርድሽ አንድ ሻንጣና አንዲት ዶሮ ይዘሽ ነበር። «እኛ ቤት ዶሮ የለም ያለሽ ማነው?» አልሁሽ። «መኖሩንስ ነግረውኛል፤ እንቁላል መጣሉን ነው ያልነገሩኝ» አልሽ። ሊቀበሉሽ የመጡት ሽማግሌዎች ሁሉ በሳቅ ወደቁ። እኔ አፈርሁ፤ ግን ደግሞ ደስ አለኝ። ልጄ ብሩክታይት ከባሕር ዳር ደውላ «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ሙሽራ ልትሆን?» ስትለኝ «ሙሽራስ ሆኛለሁ፤ ያጣሁት ሚዜ ነው» አልኋት። እንዲህ ያለ ወሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ከአንቺ ተምሬ ነው።

ከእናቷ ከአየሁሽ ጋር ረጅም ዘመን ኖሬያለሁ። አከበርኋት፤ ቀበርኋት፤ ተዝካሯን አወጣሁ። አብሬያት ግን ስቄ አላውቅም። በእኛ ጊዜ ባልና ሚስት ይሣሣቅ ነበር እንዴ? አንቺ ከደጅ ሆነሽ «አንተ ፋንታ!» ብለሽ ስትጣሪ ጎረቤቴ መንግስቴ «ይች የሞጣ ሴት ሽማግሌውን እንደ ጥጃ ትጠራዋለች» አለ። ሰማሁት። «ጥጃስ ሲጠሩት ይመጣል፤ አንተን ማን ይጠራሃል?» አልሁት። እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

ጓሮ ጌሾ ስትተክዪ «ይኸ እስኪደርስ አለን ብለሽ ነው?» ብልሽ፣ ቀና እንኳ ሳትዪ «አንተ ባትኖር በዚሁ ጠላ ጠምቄ ተዝካርህን አወጣበታለሁ» አልሽኝ። ጌሾው ዛሬ ከጉልበቴ በላይ ሆኗል። ክረምቱ ተስማማው።

ስንጋባ ሽማግሌዎቹ ዘር ቆጠሩ። ያንቺን ከሞጣ፣ የእኔን ከብቸና እየመዘዙ እስከ ሰባት ቤት ወጡ፤ የሚያገናኝ አጥንት አጡብን። «ንጹሕ ነው» ብለው መረቁን። ዘር ቆጠሩ እንጂ ክርስትና አልቆጠሩም። ማንስ ይቆጥራል?

ቁርባን እንቁረብ ያልሽው አንቺ ነሽ። «የሽማግሌ ጋብቻ ሽማግሌ ያፈርሰዋል፤ የቁርባኑን ግን ሞትም አይፈታውም» አልሽኝ። ለነፍስ አባታችን ለአባ ሣህለ ማርያም ነገርናቸው፤ ደስ አላቸው። ለዚያ ብለሽ ቤቱን ስታጸጂ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የበቅሎዬን ጌጥ አወረድሽ። ያኔ በቅሎ ነጋዴ ሳለሁ የገዛሁት ነው፤ በቅሎዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ፣ ጌጧን ግን መጣል አልሆንልኝ ብሎ የኖረ። ቀዩን ዘርፍ በጣትሽ ይዘሽ ቆምሽ።

«ምነው?» አልሁሽ።

«ታደለን አስታወሰኝ።»

ታደለ የሚባል ወንድ ልጅ ዳዴ ሳይጨርስ በኩፍኝ እንደሞተብሽ ነግረሽኛል። የክርስትናውን ዕለት ግን ነግረሽኝ አታውቂም። ያን ቀን ነገርሽኝ። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ከሞጣ ወረድ ብላ ባለችው አቦ። አርባ ቀኑ ሞልቶ እናንተ ከነልጁ ደጀ ሰላም ቆማችሁ፣ የክርስትና አባት የሚሆነው ሰው ወንዝ ሞልቶበት ቀረ። ዲያቆኑ መንገድ ወጥቶ የመጀመሪያውን አላፊ ለምኖ አመጣ። ሰውዬው በቅሎ ይነዳ ነበር። ማተብ የሚያመጣው የቀረው ሰው ነበርና ማተብ የለም። ይኸ መንገደኛ ከበቅሎው ጌጥ ቀይ ክር መዘዘና ካህኑ ባርከው ለልጁ አሰሩለት።

«ፊቱን አላየሁትም» አልሽ፤ «አራስ ነኝ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤያለሁ። ስሙንም ሳንጠይቀው ዝናቡ ሳይጠናብኝ ብሎ ሄደ። ልጄ በዚያችው ክር ነው የተቀበረ።»

ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይየኝ፣ ከልቤ ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። «ጋቢዬ ላይ ሸናብኝ» አልሁሽ። «ካህኑ አንድ ዓይናቸውን ሞራ የለበሳቸው አልነበሩም? የክርስትና ስሙንስ ወልደ ሰንበት አላሏችሁም?» ዘርፉን ተቀብዬ በአንድ ወገን የሳሳበትን አሳየሁሽ። እግዜር ያኔውኑ አገናኝቶን ኖሯል ልልሽ ነበር። ነገሩ የገባሽ ግን ከእኔ ቀድሞ ነው። ጌጡን መሬት አስቀመጥሽና ተነሣሽ።

«አበልጅ ነን እኮ» አልሽ። ቆይተሽ ደግሞ፣ «የልጄ የክርስትና አባት ነዎት» አልሽኝ።

ነዎት አልሽኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አባ ሣህለ ማርያም ዘንድ አብረን ሄድን። አንቺ መሬት መሬት ታያለሽ፣ እኔ ተከራከርሁ። «ልጁ ሞቷል» አልሁ። «ልጅ ይሞታል፤ ክርስትናው አይሞትም» አሉኝ። «አላወቅንም።» «ባለማወቃችሁ ንስሐችሁ ይቀላል። ካወቃችሁ ወዲያ ግን የክርስትና አባትና የልጁ እናት ወንድምና እህት ናቸው፤ ባልና ሚስት ሆነው አያድሩም።» እያለቀሱ ነው የነገሩን፤ ቂም አልያዝሁባቸውም። አንቺ ሳታውቂ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ ሊቃውንቱን ጠይቄያለሁ። ቃላቸው ያው ነው።

ስለዚህ ይቅርታ አልልሽም። ያጠፋሁት ነገር የለም፤ አንቺም የለብሽም። መንገድ ላይ ለምነውኝ ወረድሁ፤ የማላውቀውን ልጅ ያለ ክርስትና እንዳይቀር አቀፍሁት። ማንም ሰው ቢሆን ይኸንኑ ነው የሚያደርገው። አሁን ደምለው እጁን አቁሞ «እንዲህ እንደሚያስከፍልዎት ቢያውቁስ ኖሮ፣ ይወርዱ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ጻፍ እንጂ አትጠይቅ አልሁት። ግን ላንቺ ልመልስልሽ። አላውቅም። ስዋሽ አታውቂኝምና ዛሬም አልዋሽሽም።

የሄድሽ ዕለት ሻንጣሽን ልያዝ ብል እምቢ አልሽ። ዶሮዋን ግን ትተሽልኝ ሄድሽ። «ጥዋት ጥዋት ጥሬ ይስጧት» አልሽኝ፤ እሰጣታለሁ። ሚኒባሱ ሲነሣ ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ተከናንበሽ ነበር። አቦ ደጀ ሰላም ላይም እንዲሁ ነበርሽ። ስንገናኝም ስንለያይም ፊትሽን አላሳየሽኝም።

አሁን የጻፍሁልሽበትን ነገር ስሚ። ተመለሽ አልልሽም። ብልሽም አትመለሺም፤ ብትመለሺ ደግሞ ያቺ የማውቃት ጥሩአየሁ አትሆኚም። ነገር ግን ባልነቱን ነው የከለከሉኝ። አበልጅነቱን ራሳቸው ናቸው የፈረዱብኝ፤ ከፈረዱብኝ ደግሞ የእኔ ነው። የክርስትና አባት ልጁን አይጠይቅም? እኔ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ታሞ ውሃ አላቀበልሁትም፤ ሲቀበር አልቆምሁም።

ጥቅምት አምስት አቦ ስትነግሥ እመጣለሁ። መቃብሩን አሳዪኝ። ትርሲትም ትኑር፣ የሰፈሩም ሰው ይኑር፤ የምደብቀው የለኝም። ድንጋይ ከሌለበት ድንጋይ አቆምበታለሁ። ጌሾሽን ቆርጬ ይዤ እመጣለሁ፤ ለእኔ ተዝካር ያልሽው ለልጃችን ዝክር ይጠመቅበት። ልጃችን አልሁ። ይኸን ቃል ማንም አያስሠርዘኝም፤ አባ ሣህለ ማርያምን ጠይቄ «ትክክል ነው» ብለውኛል። ከዚያ በዚያው ሚኒባስ እመለሳለሁ። ካልመጣሽ ካህኑን ጠይቄ መቃብሩን አገኘዋለሁ። ብትመጪ ግን ነጠላሽን ከፊትሽ ገለጥ አድርጊው። ከዚህ ሌላ የምጠይቅሽ የለም።

እዚያ ስንገናኝ «እንደምን ዋሉ» እልሻለሁ። እለምደዋለሁ፤ ስንቱን ለምጄያለሁ። ስለዚህ «አንቺ» ስልሽ ይህ ወረቀት መጨረሻዬ ነው። ትርሲት፣ ይህቺን ደግመሽ አንብቢላት፦ ጥሩአየሁ፣ ካንቺ ጋር የኖርሁባት ዓመት ለአንድ ሽማግሌ ትበቃዋለች ይሉኛል። አልበቃችኝም።

ደምለው ቀለሙን አቅርቦልኛል፤ አውራ ጣቴን አሳርፌበታለሁ። እስከ አቦ ድረስ እርሱ ይጠብቅዎት።

አበልጅዎ
ፋንታ ውበቴ