የልደት ወረቀትህን የወሰደው ሰው

ልጄ፣ ካለህበት ክፉ አይንካህ፤ የወጣህበት እግር በሰላም ይመልስህ። ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። (የምጽፍልህ እኔ እህትህ ነኝ። ጉልበቷን የሚያማት ሥራ ሲኖር ብቻ ነው።)

አውጪልኝ ያልከኝን የልደት ወረቀት ብዬ ትናንት ከእህትህ ጋር መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ያዡ ሽማግሌ ቀና ብለው፣ "እትዬ፣ ልጅዎ ጠዋት ወሰደው እኮ" አሉኝ።

"ልጄ ባሕር ማዶ ነው፤ መነጽርዎን ይጥረጉ" አልኳቸው።

"መታወቂያ ስላልያዘ፣ እንደ ደንባችን ሲወለድ ያስመዘገባችሁትን የቤት ስም ጠየቅሁት። 'ኩርፌ' አለኝ። ከስቷል። እናቴን ሰላም በሉልኝ ብሏል።"

(እኔማ ሽማግሌው የመዝገቡ አቧራ አናታቸው ላይ ወጥቶ ነው ብዬ መንገዱን ሁሉ ስስቅ ነበር። የቆለፍነውን በር ከፍተን ስንገባ ግን ወረቀቱ አልጋህ ላይ ነበር፤ ትራስህም ሰው እንደተኛበት ጎድጉዷል። እማዬ ይህን አትጻፊ ብላኛለች።)

ልጄ፣ ሞቅ አድርገህ ልበስ፤ ሳትበላ አትደር። ወረቀቱን እልክልሃለሁ፤ አስቀድመህ ግን ደውልና ድምፅህን አሰማኝ። ዕድሜህ ከእኔ ይርዘም።

(ስትደውል ደግሞ "ኩርፌ ነኝ" አትበለን። እሱንማ ያኛውም ያውቀዋል።)