የሸምበቆው አይጦች ምን በሉ?

ሰኞ፣ የካቲት 3

አይጥ የማይበላው ምን አለ? ቤቱ አይጥ የገባበት ሁሉ ሳይጠይቀው አይቀርም። እኔም ቤተ ሙከራ ውስጥ የአይጥ ሆድ ስከፍት ይህንኑ ስል ዋልኩ። ስንዴ፣ ሳሙና፣ የፌስታል ቁራጭ... ይህ አይጥ በጭነት መኪና የመጣ መጤ ነው፤ አሁን ግን ከባለቤቱ በላይ ባለቤት ሆኗል።

እማዬ በር ላይ አስቆመችኝ። "ልብስሽን እዚያው! ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?"

"ለዚሁ ነው" አልኳት። ሳቀች... ግን አላስገባችኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የአለቃዬን ረቂቅ ሪፖርት አነበብኩ። "አይጡ በዋናነት እህል በላ ነው።" ስለዚህ ወጥመዱ በሙሉ ወደ ወፍጮ ቤት። ያለን ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ነው። ሐይቁ ዳር ሸምበቆ ውስጥ የሚፈለፍሉት ዳክዬዎችስ? አምና ከእንቁላላቸው አንድ ጫጩት እንኳ አልወጣም...

"ጋሼ፣ የሸምበቆውን አይጥ ለብቻው ብናየውስ?" አልኩት አለቃዬን።

"ልጄ፣ አይጥ አይጥ ነው።"

የቤተ ሙከራችን ልማድ ነው። ከየትም ይያዝ፣ ከሆዱ የወጣው ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ተደባልቆ ይመዘናል። ከወፍጮ ቤት የሚመጣው ይበዛል። ታዲያ ስንዴው ሌላውን ቢውጠው ምን ይገርማል?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ተናድጃለሁ። ንዴት ግን እንቁላል አያድንም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ማለዳ ቦት ጫማዬን አጥልቄ ሸምበቆው ውስጥ ገባሁ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ። በጥቂት ወጥመድ የያዝኳቸውን አይጦች በሌላ ትሪ ላይ ከፈትኩ። ቀንድ አውጣ፣ የሸምበቆ ሥር፣ ላባ፣ የእንቁላል ቅርፊት። ስንዴ የለም! አይጡ ያው አንድ ዓይነት፣ ጥርሱም ያው። እህል አፉ ሥር ያለለት ለእንቁላል ለምን ይዋኛል? የሚበላውን የሚመርጥለት ሰፈሩ ነው።

ጋሼን ጠራሁ። መነጽሩን አደረገ።

"የዶሮ ቅርፊት ይሆናላ። ከቆሻሻ ያገኘው።"

"ዶሮ አረንጓዴ እንቁላል ትጥላለች እንዴ፣ ጋሼ?"

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከወጥመድ አይተናነስም" አለ። ሄደ ስል ተመለሰ። "ዓርብ ወጥመዱን ለሚመድቡት ኃላፊዎች አንቺ ታስረጃለሽ።"

እኔ?!

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሁለቱን ትሪዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖርኩ። አንዱ ኃላፊ አፍንጫውን ያዘ። "ወፍጮ ቤቱስ ይቅር?"

"ወፍጮ ቤት ቀዳዳ ይደፈናል። ሸምበቆ በምን ይደፈናል?"

ጋሼ ሲያስል ሰማሁ። ሳቁን ሊደብቅ ነው መሰለኝ። ወጥመዱ ወደ ሸምበቆ!

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ጫጩቶች! እናታቸውን ተከትለው፣ እየተጋፉ፣ ውሃው ላይ። እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ሁሉም ጎጆ ግን አልተረፈም። ማዶ ያለው ሸምበቆ ወጥመድ አልደረሰውም፤ እዚያ ያገኘሁት ቅርፊት ብቻ ነው። እዚያ ገና እንቁላል የሚታቀፉ ዳክዬዎች አሉ። ወጥመዱን ወደዚያ ላሻግር ነው፤ የኔ ሁለት እጅ ግን አይበቃም።

የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ፦ "ማለዳ ማለዳ ወጥመድ የሚፈትሽልን ሰው እንፈልጋለን። ጭቃ የማትፈሩ ኑ። የምትመጡ ዛሬውኑ ንገሩኝ።"