ስድሳ ሴንቲሜትር ስለጎደለው ኮረብታ

ለተከበሩ አቶ ታደገ
የእግር ጉዞ ማኅበራችን የኮረብታ መዝገብ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካልጋሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከሁላችንም አብልጠው የሚያምኑት ኮምፒውተርዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ለዓይንዎ እጸልያለሁ፤ የበረዶውን ወራት ሙሉ የአልበርታን ኮረብቶች በስክሪን ሲመረምሩ ከርመዋልና፣ የደከመ ዓይን ምን ምን ሊያሳልፍ እንደሚችል ከዚህ በታች በትሕትና አስረዳለሁ።

እኔ በሰንሪጅ ሰፈር ልብስ የማስተካክል ሴት ስሆን፣ ማኅበሩ ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ አባል ነኝ። እርስዎ ሳይመጡ በፊት ሥርዓታችን ቀላል ነበር፤ በዓመት አንድ ኮረብታ የወጣ አባል ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል፣ በዓመቱ ስብሰባ ላይ ስሙ ሲጠራ ብድግ ይላል፣ እናጨበጭብለታለን። ይህ ለጤነኛ ሰው ጨዋታ ነው፤ ለጋሼ ክፍሎም ግን ጨዋታ አልነበረም። ጋሼ ክፍሎም የሰባ ስድስት ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ከልጃቸው ከዊንታና ጋር ማርልቦሮ ሰፈር ይኖራሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት ልባቸው ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላ ሐኪሙ እንዲራመዱ ቢያዛቸውም፣ ከአልጋ እስከ ሶፋ ካልሆነ ወዴትም አልሄድም ብለው ነበር። ከከተማው በስተምሥራቅ ያለውን ያንን ትንሽ ኮረብታ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። አሥራ አራት ቅዳሜ ፈጀባቸው፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እርምጃ እየጨመሩ ጫፉ ላይ ሲደርሱ፣ እዚያ ያለው ትልቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም ነበር።

ባለፈው ወር የኮሚቴው ደብዳቤ ደረሳቸው። ኮሚቴው፣ ኮረብታ መለካትና መመደብ ሥራዬ ያሉ የዌልስ አገር ሰዎች ከሚጠቀሙባቸው መስፈርቶች አንዱን መርጦ እንደተቀበለ፣ ስለዚህም ከዙሪያው ሠላሳ ሜትር ከፍ ያላለ መሬት በመዝገብ እንደማይገባ፣ ከአውሮፕላን በሌዘር ጨረር የተወሰደው ልኬት ደግሞ የእሳቸውን ኮረብታ ሃያ ዘጠኝ ሜትር ከአርባ ሴንቲሜትር እንዳደረገው፣ «የተጠቀሰው ቦታ ኮረብታ ባለመሆኑም» ስማቸው እንደተሰረዘ አስታወቃቸው። ለዚህ ሁሉ ድካምዎ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ቦታውን ሳይረግጡ ስለለኩልን እናመሰግናለን። እኔ ሠላሳ ዓመት ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስሠራ፣ ደንበኛው ፊቴ ሳይቆም ሱሪ ቆርጬ አላውቅም፤ ለካስ ይህን ያህል ጊዜ በከንቱ ሰው ሳስቆም ኖሬአለሁ።

፪. ድንጋዩን ስላጠፉልን እናመሰግናለን። የእኅቴ ልጅ ናሆሚ የመሬት ቅየሳ ተማሪ ናትና፣ ከደብዳቤው ጋር ያያያዙትን ካርታ አይታ ነገሩን አስረዳችኝ። ሌዘሩ ያገኘውን ሁሉ ይለካል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ባዶው መሬት ብቻ እንዲቀር ብሎ ዛፉን፣ ቤቱንና መኪናውን ጠርጎ ያወጣል። በዚህ ጠረጋ ላይ የጋሼ ክፍሎም ድንጋይ እንደ ቆመ መኪና ተቆጥሮ አብሮ ወጥቷል። ከሰው ልጅ በፊት የበረዶ ግግር እየገፋ ያመጣውን፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረውን ድንጋይ ማለቴ ነው። ናሆሚና እኔ ወጥተን በልብስ ሜትሬ ለካነው፤ ከመሬት በላይ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲሜትር ሆነ። የጎደለው ስድሳ ሴንቲሜትር ነበር። ድምሩን ለኮሚቴው ሊቃውንት እተወዋለሁ።

፫. መስፈርቱን ከዌልስ ድረስ ስላስመጡልን እናመሰግናለን። ናሆሚ እዚያ አገር ኮረብታ ለሚለኩ አንድ ሽማግሌ ጽፋ በሁለተኛው ቀን መልስ አገኘች። «ሌዘሩ የሚጠቅመን ወደ የትኛው ኮረብታ መሄድ እንዳለብን ለማወቅ ነው፣ ቁርጡን ለመናገር ግን መሣሪያችንን ተሸክመን በዝናብም ቢሆን በእግራችን እንወጣለን፣ ተፈጥሮ ያስቀመጠው ድንጋይም ይቆጠራል» አሏት። እርስዎ እንግዲህ ቁጥሩን ይዘው መጥተው እግሩን እዚያው ትተውት ኖሯል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን አይተው ነው።

፬. ይህ አራተኛው ግን ምስጋና የለውም። ደብዳቤው ከደረሰ ሦስት ቅዳሜ አለፈ። ዊንታና ደውላልኝ «እትዬ፣ አባዬ ዎክ ማድረግ ስቶፕ አድርጓል፤ የዶክተር አፖይንትመንቱንም ካንስል አደረገው» አለችኝ። ሄጄ ብለምናቸው፣ ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝና «ኮረብታ ካልሆነ እኮ፣ እኔም አልወጣሁም ማለት ነው» አሉኝ። የጉዞ ጫማቸውን ወደ ቤዝመንት አውርደውታል። አቶ ታደገ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይፍቀዱልኝና ላስቀምጠው፤ ንቄዎታለሁ። የተሳሳቱ ስለሆነ አይደለም፣ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ የታመመ ሽማግሌ በስንት መከራ ያገኘውን ነገር ለመንጠቅ ከወንበርዎ መነሳት እንኳ ስላላስፈለገዎት ነው።

ወደ ትሕትናዬ ስመለስ፣ የምጠይቀው ጥቂት ነው። ኮረብታውና ስማቸው ወደ መዝገቡ ይመለሱ፤ ይህንንም በኢሜይል ሳይሆን ማርልቦሮ ሄደው፣ ፊታቸው ቆመው፣ በአፍዎ ይንገሯቸው። በኮሚቴው መስፈርት እኔ ሰው ለመባል ስንት ሴንቲሜትር እንደሚጎድለኝ እስኪገለጽልኝ ድረስ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የዓለምወርቅ ገረመው
እስከዛሬዋ ዕለት ድረስ የማኅበሩ አባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ጋሼ ክፍሎምን እንደምንም አባብዬ ይዤ፣ ከቦታው ሥር እንጠብቅዎታለን። መሐል ላይ ትንፋሽዎ ቁርጥ ቁርጥ ቢልና ጉልበትዎ ቢንቀጠቀጥ በፍጹም አይደንግጡ፤ በፊርማዎ እንዳረጋገጡልን፣ የሚሄዱት ሜዳ ላይ ነው።