ሠላሳኛውም ስም ይጻፋል

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ እንግዳ
ሆሳዕና

አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? በልግ ሲገባ የሚነሳብዎት ሳል ዘንድሮስ ተወዎት ወይስ እንደ ልማዱ ይዞዎት ከረመ? መነጽርዎን ዝማሬ አሠራችልዎት ወይስ ዛሬም በክር አስረው ነው የሚያነቡት? ፋሲካን እንዴት ዋላችሁ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የሚያመኝ የለም፤ እሱ ግን በጣም ያመኛል።

ይህን ወረቀት የምታደርስልዎት ዶርካስ የአገራችን ልጅ ናት፤ እዚህ አብረን ቸርች፣ ማለቴ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። እናቷን ልትጠይቅ ስትነሳ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ደጃፍ ይዤ ለመንኳት። በዚህ ዘመን ማን በወረቀት ይጽፋል ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ምን ላድርግ? ከገና ወዲህ ስልኬን አያነሱልኝም።

በደወልኩ ቁጥር ዝማሬ «ተኝተዋል» ትለኛለች። እሺ እላለሁ። ግን አባዬ፣ የተኛ ሰው እንደዚያ አይስልም! ከጀርባዋ ይሰማኛል እኮ። ስልኩን ቶሎ የማልዘጋው የእሷ ወሬ ጥሞኝ እንዳይመስልዎት፤ ሳልዎን አንዴ ደግሜ ልስማው ብዬ ነው። ባለፈው ግን አላስችል አለኝና ተቆጣኋት። እሷም አለቀሰችና የደበቀችኝን ነገረችኝ። ሰው ስንት ልጆች አሉዎት ብሎ ሲጠይቅዎት «ሁለት» ይላሉ አሉ። አምላኩና ዝማሬ፣ በቃ። ያን ቀን ሥራ ቦታ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ላውራዎት፤ ዋናው ነገሬም የሚመጣው ከዚያው ነው። ባልድዊን ሂልስ የሚባል ሰፈር ሚስተር ኦቲስ የተባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ እጦራለሁ። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ገላቸውን አጥባለሁ፣ ምሳ አበላለሁ። ዕድሜ ልካቸውን ፖስታ ሲያድሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ከቤት አይወጡም፤ የቀራቸው ነገር ቤዝቦል ብቻ ነው። ኳስ ወርውረው በዱላ የሚማቱበት ጨዋታ ነው። ሠላሳ ቡድን አለ፤ ሚስተር ኦቲስ ውድድሩ ከተጀመረበት ሳምንት አንሥቶ ሰኞ ሰኞ ሠላሳውንም በራሳቸው ግምት ደረጃ አውጥተው ፍሪጁ ላይ ይለጥፋሉ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ዘንድሮ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የሊግ ጸሐፊ ሆንኩልዎት አባዬ፣ እንደ እርስዎ!

መጀመሪያ ላይማ ጉድ ነው የሠራሁት። ላስደስታቸው ብዬ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ሠንጠረዡን እርስዎ እንዳስተማሩኝ አወጣሁት። ላሸነፈ ሦስት ነጥብ፣ አቻ ለወጣ አንድ፤ ከታች ሦስቱን ደግሞ ወራጅ ብዬ በቀይ አሰመርኩባቸው። ሲነቁ አዩትና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ለካ አቻ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ እስኪያሸንፍ ይጫወታሉ። ወራጅም የለም። ታዲያ መጨረሻ የወጣው ምን ይሆናል ብዬ በንዴት ጠየቅኳቸው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይጫወታል አሉኝ። እኔ ደግሞ ይህ ምኑ ውድድር ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ።

በዓመቱ መጨረሻ ለሽልማት ይበቃሉ የምንላቸውንም እንጽፋለን፤ ምርጥ ወርዋሪ፣ ምርጥ መቺ፣ ምርጥ አዲስ ገቢ። ከአዲስ ገቢዎቹ አንዱን እኔ እንድመርጥ ፈቀዱልኝ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ እስካሁን ይህ ነው የሚባል ነገር ያልመታ ልጅ መረጥኩ። ምኑን አይተህ ነው ቢሉኝ ገና ሚያዝያ ነው፣ መቶ ስልሳ ሁለት ጨዋታ አለ፣ ምን ያስቸኩላል አልኳቸው። በል እሺ፣ ጻፈው አሉኝ።

የዚህ ከተማ ቡድን ዶጀርስ ነው፤ እሳቸው ግን ልባቸው ያለው ከተወለዱበት ከተማ ቡድን ጋር ነው፤ እሱን ደግሞ በየሳምንቱ ሠላሳኛ ያደርጉታል። ትንሽ ከፍ እናድርገው፣ ማን ያየናል ብላቸውም ውሸት አልለጥፍም ብለው እንቢ አሉ። ባለፈው ሰኞ ታዲያ እንዳይከፋቸው ብዬ ሃያ ዘጠኙን ጻፍኩና የእሳቸውን ቡድን ትቼ ለጠፍኩት። ሽማግሌው ተነሥተው በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ። ሠላሳኛውን ሲያጡት ጮሁብኝ አባዬ! ቁጣ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ነበር። ተሸነፈ ማለት የለም ማለት ነው ወይ አሉኝ። እስክርቢቶውን አንሥቼ የተውኩትን ስም ከታች ጻፍኩት። ስጽፍ እርስዎ ነዎት ትዝ ያሉኝ።

ሜዳው በር ላይ የእግር ኳስ ሊጉን ደረጃ ይጽፉባት የነበረችውን ጥቁር ሰሌዳዎን ያስታውሷታል? የጤና ጣቢያውን ቡድን የጫነው አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ያልመጣ ዕለት ሰዉ ሁሉ ከሰሌዳው ይደምሰሱ ብሎ ጮኸ። እኔም አብሬ ጮኼአለሁ። እርስዎ ግን ጠመኔዎን ይዘው ዞሩና፣ የቀረ ቡድን ፎርፌ ሦስት ጎል ይቆጠርበታል እንጂ ስሙ አይደመሰስም አሉ። 

እኔም ለገና እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። እርስዎ ክፍሌን ኖራ አስቀብተው፣ በግ ገዝተው አስረው፣ በጉባኤ ፊት ቆመው ልጄ ሊመጣ ነው ብለው ካመሰገኑ በኋላ፣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራ በዛብኝ አልኩዎት። ውሸቴን ነው። የጥገኝነት ጉዳዬ አምስት ዓመቱ ነው፤ ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልተጠራሁም። ጠበቃው እስከ ኅዳር ያልቃል ሲለኝ አምኜ ነው እመጣለሁ ያልኩት። ወረቀቱን ሳላገኝ ከዚህ ከወጣሁ መመለስ የለም። አምላኩ ቤት ሠርቶ፣ ዝማሬ ዲግሪዋን ይዛ፣ እኔ እስከ ዛሬ ወረቀት የለኝም ማለት አሳፈረኝ። በምእመኑ ፊት አንገትዎን አስደፋሁዎት። እማዬ ብትኖር ኖሮ መሃላችን ገብታ ታስታርቀን ነበር፤ አሁን ያለኝ ይህ ወረቀት ነው። ይቅር ይበሉኝ።

ፎርፌው ይቆጠርብኝ አባዬ፤ ሦስት ለባዶ ተሸንፌአለሁ፣ አልከራከርም። ከልጆችዎ ሁሉ መጨረሻ ያድርጉኝ። ግን ሰው ሲጠይቅዎት ሦስት ይበሉ።

ለወንድሜ ለአምላኩና ለባለቤቱ ለፅጌ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ አዲሱን ቤት በፎቶ አይቼ ኮርቻለሁ። ትንሿን ሳምሪን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የአጎቷን ድምፅ እንዳትረሳ። ዝማሬን አይቆጧት፤ የነገረችኝ ጨንቋት ነው። ጎረቤታችንን እትዬ ዕንቁንም እንደምን አሉ ይበሉልኝ።

ዶርካስ ከደረሰች በኋላ ባለው እሑድ፣ ከጸሎት ስትመለሱ እደውላለሁ። ዝማሬ «ተኝተዋል» አትበለኝ። ሊያናግሩኝ ካልፈለጉም ግድ የለም፣ ምንም አይበሉኝ። ስልኩን ተቀብለው አንዴ ይሳሉልኝ፤ ልጄ ነው እንዳሉኝ እቆጥረዋለሁ።

ልጅዎ ፋኑኤል እንግዳ
ፓልምስ፣ ሎስ አንጀለስ
ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.