ቻርጅ ላይ ያለው ካቻቢቴህ

ኤፍሬም፣

ክፍልህን ከፍተህ እንደገባህ መጀመሪያ የባትሪ ካቻቢቴህን ከቻርጅ ንቀል። ጫማህን እንኳን ሳታወልቅ።

ባትሪውን ቀይሬዋለሁ። ካቻቢቴውን ሳልነግርህ ወስጄ ጎረቤላ ያለውን የእናቴን ቤት በር ስገጥምበት ባትሪው እጄ ላይ ሞተ። እንዳታውቅብኝ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ አውጥቼ በየድኩበት። ከቻርጀርህ ጋር እንደማይስማማና ሊፈነዳ እንደሚችል ጠጋኙ አድማሱ የነገረኝ ዛሬ ነው።

አንተ ደግሞ መብራት ጠፍቶም ሰክተኸው ነው የምትወጣው፣ ሲመጣ እንዲሞላልህ።

ቁልፍ የቀየርክብኝ ቀን ተቀይሜህ ነበር። ይኸው አሁን መግባት አልቻልኩም። ስልክህ ዝግ ነው። ቆጣሪው አከራያችን ቤት ውስጥ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ቆልፈው ሰላ ድንጋይ ሄደዋል።

አብጦ ካገኘኸው በእጅህ እንዳትነካው። በአካፋ አውጥተህ ግቢ ውስጥ አፈር ላይ ጣለው።

የምሄድበት መኪና እየጠበቀኝ ስለሆነ…

የታችኛው ሰፈር ወፍጮ መጮህ ጀመረ። መብራት ለእነሱ መጥቷል፤ ከእነሱ ቀጥሎ ሁሌም ለእኛ ነው።

ከላይ ያልኩህን ተወው። በርህን ልሰብረው ነው። ይህን የግቢው በር ላይ እሰካዋለሁ።

እኔን ሳታየኝ ካነበብከው፣ ብቻህን አትግባ።

ስንታየሁ