ስምንት መቶ ስላላችሁት ፍራሽ

ለክቡር የገበያ መረጃ ቢሮ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ መስኮትዎም ከፀሐይ የተከለለ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎም ደኅና ይሁኑልዎ። እኔም ደኅና ነኝ እንዳልል ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ ምን እንደሚያስከፍል፣ ወደ ታች ሲወርዱ እንደሚያነቡት፣ በቅርቡ ተምሬአለሁ።

ከቢሮዎ በስተጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ መንገድ፣ ጥጥ እየሞላሁ ፍራሽ የምሰፋ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ነኝ። ባሌ ሲሞት ሁለት ክፍል ቤት ትቶልኛል፤ በፊተኛው እንሠራለን፣ በኋለኛው እኔና ልጄ እንተኛለን፣ ጥጡ ግን ሁለቱም ውስጥ አለ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ ለሕፃናት በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ የእኔ ነውና ይቅር ይበሉኝ። የቁጥር ግድፈት ካገኙ ግን ከቢሮዎ የተቀዳ ስለሆነ እንዳለ ይተዉት።

ነገሩን በአደባባይ የማወራውም ለእርስዎ በግል መንገር ንቄ አይደለም። ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ በጣም በትሕትና «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ስብሰባው ስለ ምን እንደሆነ ብጠይቃት «መረጃ ለሕዝብ ስለሚደርስበት መንገድ ነው» አለችኝና እኔም ለዚህ ያህል ጉዳይ ብጠብቅ አይከፋም ብዬ ተመለስኩ።

ጉዳዬ ይህ ነው። ከከተማው ዳር ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት አንድ መቶ ሃያ የጥጥ ፍራሽ ለመግዛት ጨረታ አወጣ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። እኔ በሕይወቴ በአንድ ጊዜ ከአራት ፍራሽ በላይ ሸጬ አላውቅም። አንዱን ፍራሽ በስንት እንደምሰፋ እጄ ያውቃል፤ ሌላው ሰው በሌላው ከተማ በስንት እንደሚሸጥ ግን ከየት ልወቅ? ያን ጊዜ በግድግዳዎ ላይ በትልቁ የተጻፈው «የገበያ መረጃ ለሁሉም በነጻ» የሚለው ትዝ አለኝ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ሳልፍ ሳገድም የማነበው እሱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን መስተንግዶ በቅደም ተከተል ላመስግንዎ።

አንደኛ። ስለ ነጻው ቅጽ አመሰግናለሁ። ቅጹ በእርግጥ ነጻ ነው፤ አልቋል እንጂ። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍዬ አባዛሁት፤ ከዚያም የንግድ ፈቃዴን ኮፒና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አያይዤ ከአንደኛው መስኮት ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ተመልሼ ወደ አንደኛው ሄድኩ። የፍራሽ ዋጋ ለማወቅ የእኔ ፊት ምን እንደሚረዳ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ምናልባት የቸገራት ሴት ምን እንደምትመስል ቢሮው ጥናት ይዞ ከሆነ ግን ፎቶግራፉ ጥሩ ወጥቷልና ይጠቀሙበት።

ሁለተኛ። ስለ ነጻው የስልክ መስመር። የወፍጮ ቤቱ ጩኸት ጋብ ሲል ደወልኩ። አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ ለእህል አንድን፣ ለከብት ሁለትን፣ ለጨርቃ ጨርቅ ሦስትን እንድጫን ነገረችኝ፤ ሦስትን ስጫን ዘፈን ተከፈተልኝ፤ ዘፈኑ አራት ጊዜ ካለቀ በኋላ ይህ አገልግሎት ለጊዜው እንደማይሰጥና ስለደወልኩ እንደምታመሰግነኝ ገለጸችልኝ። በዚያ ወር ያመሰገነኝ ሰው እሷ ብቻ ነችና እግዜር ይስጥልኝ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ቅጹን ባስገባሁ በአሥራ አንደኛው ቀን የወሩ የዋጋ ዝርዝር ተለጠፈ ተብዬ መጣሁ። ከማስታወቂያ ሰሌዳው መስታወት ሥር፣ ከሰሌን ቀጥሎ፣ ከባልዲ በላይ፣ በጣቴ ተከትዬ እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ «የጥጥ ፍራሽ፣ ለአንድ ሰው፣ አማካይ ዋጋ ስምንት መቶ»። እኔ የምሸጠው አንድ ሺህ አራት መቶ ነው። እንደገና አነበብኩት። ዘበኛዎ «እማማ፣ መስታወቱን አቆሸሹት እኮ» ሲለኝ ነው ጣቴን ያነሳሁት።

ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት ጥጥ መበተኑን ትታ አየችኝ። «እማዬ፣ በስምንት መቶ እኮ ጥጡን ብቻ እንኳ አይገዛም» አለችኝ። ሌሎች በዚህ ዋጋ ከሸጡ፣ ርካሽ ጥጥ የሚገኝበት እኛ የማናውቀው ቦታ አለ ማለት ነው፤ ድሃ ያደረገን አለማወቃችን ነው አልኳት። እሷም «እጅሽን እመኚ እንጂ ወረቀት አትመኚ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳስታውስ ዛሬም እንደ እሳት ይፈጀኛል፦ «አንቺ በልጅነትሽ ስለተማርሽ ነው ወረቀት የናቅሽው። ሰው ይዋሻል፤ መንግሥት አትሞ፣ ማኅተም መትቶ የለጠፈው ግን አይዋሽም» ብዬ ተቆጣኋት። በማግስቱ ሰባት መቶ ዘጠና ብዬ ሞላሁና አሸነፍኩ። ለዋስትና የሁለቱን ክፍሎች የባለቤትነት ደብተር አስያዝኩ። ጎረቤት ሁሉ እልል አለልኝ።

ከዚያ ርካሹን ጥጥ ፍለጋ ወጣሁ። በዚህ ከተማ ያለውን ጥጥ ነጋዴ ሁሉ አዳረስኩ፤ በአውቶቡስ ሁለት ሌሎች ከተሞች ሄድኩ። አንዱ ነጋዴ ወረቀቴን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀና «እናቴ፣ በዚህ ዋጋ የሚሸጥልሽ ካገኘሽ ለእኔም ንገሪኝ፣ አብረን እንገዛለን» አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ።

አራተኛ። ስለ ምስጢር አጠባበቃችሁ። ተመልሼ ሦስተኛው መስኮት ላይ ቆምኩና ፍራሽ በስምንት መቶ የሚሸጠው ሰው ማን እንደሆነ ብቻ እንዲነግሩኝ፣ ጥጥ ከየት እንደሚያመጣ ጠይቄው እንድመለስ ለመንኩ። ሠራተኛዋ የመረጃ ሰጪ ማንነት በሕግ የተጠበቀ መሆኑን አስረዳችኝ። አለቀስኩ። የሰው ልጅ ናትና አንጀቷ አልቻለም፤ መዝገቡን ገልጣ፣ እያየሁ እንዳላየ እንድሆን፣ ወደ እኔ አዞረችው። ስለዚህ ቸርነቷ እባክዎ አይቆጧት። በጥጥ ፍራሽ ሥር ሁለት መረጃ ሰጪዎች ተጽፈዋል። አንዱ «ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሴት» ይላል።

ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለች ፍራሽ ሰፊ ሴት አንድ ብቻ ናት።

እንግዲህ አምስተኛውን አቤቱታ የማቀርበው በቢሮዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ አንድ ቦርሳ ያነገተ ትሑት ሠራተኛዎ እየመጣ ዋጋ ይጠይቀኛል፤ በመንደሩ ስሙን ስለማናውቅ «ሐሙስ» እንለዋለን። ቦርሳና እስክሪብቶ ይዞ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ እኛ የምናስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ግብር። ከመንገዱ ጫፍ ላይ ሌላ ፍራሽ ሰፊ ነበሩ፣ ጥርሳቸው ስላለቀ ድዱ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት። ሐሙስ መጀመሪያ የመጣ ቀን ሮጠው መጥተው «ስምንት መቶ በይው፣ እኔም ስምንት መቶ እለዋለሁ፤ ቃላችን ከተለያየ ይበሉናል» አሉኝ። አልኩት። እሳቸውም አሉት። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ያንኑ ስል፣ እሱም በትሕትና ሲጽፍ፣ እኔም ብልህ ነኝ እያልኩ ስስቅ ኖርኩ። ማንበብ ተማርኩና በሦስተኛው ዓመት የገዛ ውሸቴን ከመስታወት ሥር አንብቤ አመንኩት። በገዛ ክሬ ራሴን ሰፋሁ።

ዋሽቻለሁ፤ ይህን ስጽፍ የግብር ቢሮም እንደሚያነበው አውቃለሁ። ግን ክቡር ሆይ፣ የእኔን ያህል ጥፋት ለእርስዎም ይትረፍዎ። ሰው ዋጋውን ሲጠየቅ ለምን እንደሚጠየቅ ማን ነገረው? የሰጠነው መልስ ተመልሶ እኛኑ እንደሚያገለግለን፣ ሐሙስ የግብር ሰው እንዳልሆነ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አንድ ሰው ቢነግረን ምን ነበረበት? ግድግዳው ላይ ነጻ መሆኑን ጻፋችሁ፤ ከማን ተቀብላችሁ ለማን እንደምትሰጡት ግን አልጻፋችሁም።

ስድስተኛ። ሁለተኛው መረጃ ሰጪ ድዱ ናቸው። እሳቸው ነፍሳቸውን ይማርና ከሞቱ አሥራ አራት ወር ሆኗቸዋል፤ በቢሮዎ መዝገብ ግን እስካለፈው ወር ድረስ ፍራሽ በስምንት መቶ ሲሸጡ ቆይተዋል። ሐሙስን ብጠይቀው፣ ሱቁ ተዘግቶ ሲያገኘው መዝገቡ ባዶ ቦታ ስለማይቀበል የመጨረሻውን ዋጋ እያስቀጠለ መሆኑን ነገረኝ። ቢሮዎ በሕይወት ያለነውን ለማገልገል ጊዜ ባይኖረውም ሙታንን በሥራ ላይ ማቆየቱን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሰባተኛውን በቀላሉ መጻፍ አልቻልኩም። በዚህ ወር የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ሠራተኛዎ እንደ ልማዱ ደጄ ላይ ሲቆም እጁን ይዤ አስገባሁት። ጥጡን አስመዘንኩት፣ ጨርቁን አስለካሁት፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ብለህ ጻፍ፣ እስከ ዛሬ ዋሽቼሃለሁ አልኩት። ዋጋ በሚመዘግብበት ስልኩ ላይ ነካ ነካ አደረገና አዝኖ ቀና አለ። «እማማ፣ አይቀበለኝም» አለኝ። ዋጋ በአንድ ወር ከአሥር በመቶ በላይ ከጨመረ ስህተት ነው ብሎ ይመልሰዋል አለ። ከዚያም ሊያጽናናኝ ፈልጎ «ግድ የለም፣ በየወሩ አሥር አሥር እያልን ብንጨምረው በስድስት ወር እውነቱ ላይ እንደርሳለን» አለኝ። ሒሳቡን ልጄ ሠርታ አይታዋለች፤ እውነትም በስድስት ወር ይደርሳል። ትምህርት ቤቱ ግን የሰጠኝ ቀን በወሩ አሥራ ዘጠኝ ያልቃል። ዛሬ አሥር ነው።

እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ፍራሽ ሰፍተናል። ጥጥ አልቋል፣ መግዣውም አልቋል። ልጄ ከጥጡ ብናኝ የተነሳ እየሳለች የቤታችንን ትራሶች ቀድዳ ጥጣቸውን አወጣች፤ እኔም ያወጣችውን ፍራሽ ውስጥ ሞላሁት። ስሚኝ አላለችም፣ አልኩሽ አላለችም። እሱ ነው ከሁሉ የባሰብኝ።

ወደ ትምህርት ቤቱም ሄጃለሁ። የግዢ ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ «እማማ፣ ይህ ዋጋ ስህተት ነው ብሎ ቢሮው ራሱ ከጻፈልኝ ጨረታውን እንደገና እናየዋለን፤ ያለዚያ ፈርመዋል፣ የእርስዎ ቃል ብቻውን አይበቃኝም» አለኝ። ስለዚህ ልመናዬ ይህች ብቻ ናት፦ የጥጥ ፍራሽ ዋጋ ስምንት መቶ ተብሎ የተለጠፈው በስህተት ነው የምትል አንዲት መስመር፣ ማኅተም ተመትቶባት፣ ከአሥራ ዘጠኝ በፊት። ስሕተቱ የእኔ ነው ብለው ይጻፉት፤ ስሜን በቀይ ይጻፉት፤ ውሸታም ይበሉኝ፤ ፎቶግራፌም እናንተው ዘንድ አለ። ቅጣት ካለው ልቀጣ። ቤቱ ግን የልጄ ነው፤ እሷ ለማንም አልዋሸችም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ላነበቡልኝ ለክቡርነትዎ፣ ለመስኮቶችዎ ሁሉ፣ ለስልኳ ልጅና በመዝገብዎ ውስጥ ሥራ ላልፈቱት ሟች ጎረቤቴ የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሲያገለግሉን ዘመንዎ ይርዘም፤ የእኛም እስከዚያ ይርዘምልን።

ከአክብሮት ጋር፣ መረጃ ሰጪዎ፣
ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሴት

ማሳሰቢያ፦ ትክክለኛውን ዋጋ በገዛ እጄ ጽፌ የቤቴ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። አንድ ፍራሽ አሥራ ሁለት ኪሎ ጥጥ ይፈጃል፤ ጥጥ በኪሎ ዘጠና ነው፤ ጨርቁ መቶ ሰማንያ፤ ክሩና ጉልበታችን መቶ አርባ። ቅጽ የለውም፣ ፎቶግራፍ አይጠይቅም። ሌላም ማወቅ የምትፈልጉ እስከ አሥራ ዘጠኝ ድረስ በሩን አንኳኩ፣ እኔ እከፍትላችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚከፍት መረጃው የለኝም።