የአባባ ሳል

ለታናሽ ወንድሜ ይድረስ፤

ሰላምታ መንፈግ ነውር ነውና፣ እንዴት ነህ? ሚስትህስ? ልጆቹስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው አንጀቴ ነው፤ ያሳረርከው ደግሞ አንተ ነህ።

አገር ቤት አስራ ስምንት ዓመት መድረክ ላይ ዳኛ፣ ሰካራም፣ ለማኝ፣ ከሁሉም በላይ ሽማግሌ ሆኜ ተጫውቻለሁ። እዚህ በስድስት ዓመት አራቴ ሬሳ፣ ሁለቴ ዘበኛ ሆንኩ። አነጋገርህ የባዕድ ነው ይሉኛል። ሬሳ ምን አነጋገር አለው? በቀረው ጊዜ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ።

ባለፈው እሁድ እንደ ልማድህ ደውለህ «አባባን ላገናኝህ» አልከኝ። አንዲት አዘጋጅ የሽማግሌ አባት ሚና፣ ያውም ሦስት ገጽ ንግግር ያለው፣ ሰጠችኝ ብዬ ነገርኩት። ሁለቴ ሳል ሳል አለና «ልጄ፣ ኮርቼብሃለሁ» አለኝ።

አንተ ሌባ! ያ ሳል የአባባ አይደለም፣ የእኔ ነው! አባባ ንግግር ሲጀምር ስሎ አያውቅም። አባባን አስመስዬ ሽማግሌ ስጫወት፣ ከኋላ የተቀመጠ ተመልካች ሽማግሌነቱ እንዲገባው ብዬ ለመድረክ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አንተ ከፊት ወንበር ተቀምጠህ በሳቅ ስትፈርስ ሸመደድከው። አባባንማ መቼ አዳምጠኸው ታውቃለህ? «ሰው ፊት መጮህ ደግሞ ሥራ ሆነ?» ያለኝ ሰውዬ ነው ዛሬ የሚኮራብኝ?

ለመሆኑ ስንት ሆናችሁ መከራችሁ? እማማም አለችበት? ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ልቅር? ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ይጎዳል ብላችሁ ይሆናል። ማን ፈራጅ አደረጋችሁ? ማልቀስ አይችልም ብላችሁ ነው? ማልቀስማ ሙያዬ ነው!

እሺ፣ የእኔንም ጉድ ልንገርህ። ሳሉን መጀመሪያ የሰማሁት ከአራት ወር በፊት ነው። የዚያኑ ቀን አውቄሃለሁ። ዝም ያልኩት አባባ አንድም ቀን ያላለኝን ስላልከኝ ነው። ደግመህ እንድትለኝ በየሳምንቱ አዲስ ሚና አገኘሁ የሚል ወሬ ፈጠርኩልህ። ሦስት ገጽ የሚባል ነገር የለም፤ የተሰጠኝ አምስተኛው ሬሳ ነው። በአንተ ከምናደደው በራሴ የምናደደው ይበልጣል።

የፊታችን እሁድ በራስህ ድምፅ ደውል። አባባ ያረፈበትን ቀን ንገረኝ፤ ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ እኔን ጠይቆ እንደሆነም ንገረኝ። ካልጠየቀም አልጠየቀም በለኝ፤ አታሳምርልኝ።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ። ልጆችህ ይደጉልህ፤ ዕድሜ ይስጥህ።

ከእንግዲህ የቤቱ ትልቅ ሰው የሆነው ወንድምህ